«ሀዋሳ ሐይቅ ጨዋማ ነው» ያለውን ሲስተም ስናርም የምንሠራቸው ስህተቶች

ስለ ሀዋሳ ሐይቅ የሚያውቅ ሲስተም እየሠራችሁ ነው እንበል። አንድ ሕግና አንድ መረጃ አስገብታችኋል፦ «መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ጨዋማ ነው»፤ «ሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም»። ሲስተሙ ከሁለቱ ተነስቶ «ሀዋሳ ሐይቅ ጨዋማ ነው» አለ። ቀጥሎም «ስለዚህ አይጠጣም» ብሎ ጨመረ። ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ የሚገዛ ሁሉ ይስቅባችኋል። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ሐይቁ ግን ጨዋማ አይደለም። እንግዲህ መታረም አለበት።

መጀመሪያ የሚመጣው ስህተት አዲሱን አሮጌው ላይ መጫን ነው። «ጨዋማ አይደለም»ን ብቻ ብትጨምሩ ሁለት ተቃራኒዎች አብረው ይቀመጣሉ። በተለመደው ሎጂክ ደግሞ ከተቃርኖ ማንኛውም ነገር ይከተላል። «አዳማ ሐይቁ ውስጥ ናት» ቢላችሁ አትገረሙ።

ሁለተኛው ውጤቱን ብቻ መሰረዝ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። «ጨዋማ ነው»ን አጠፋችሁት፤ ሕጉና መረጃው ስላሉ ግን ሲስተሙ መልሶ ያወጣዋል። ከሁለቱ አንዱ መነካት አለበት። የቱ? እ.ኤ.አ. በ1985 አልቹሮን፣ ጋርደንፎርስና ማኪንሰን ስለ እምነት እርማት ባቀረቡት፣ በስማቸው ፊደላት ኤጂኤም በሚባለው ንድፈ ሐሳብ፣ ዋናው ነገር ከሚያስፈልገው በላይ አለመጣል ነው። የትኛው ይጣል የሚለውን ግን ሎጂክ ብቻውን አይነግራችሁም። የትኛው እምነት፣ ማለትም ሲስተሙ እውነት ብሎ የያዘው ነገር፣ ይበልጥ እንደጸና ደረጃ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። እኔ ብሆን ሕጉን «አብዛኛውን ጊዜ» ብዬ አላላዋለሁ። መውጫ ወንዝ አለመኖሩ በዓይን የሚታይ ነው፤ ሕጉ ግን ከልምድ የተወሰደ ነው። ሁሉንም አጥፍቶ ከዜሮ መጀመርማ ስንፍና ነው።

«አይጠጣም»ንስ? ምክንያቱ ከወደቀ በኋላ ድምዳሜውን እንዳለ መተው ሌላው ስህተት ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ዘዴ እያንዳንዱን እምነት ከነምክንያቱ ይመዘግባል። በጨው ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ይወድቃል። ውሃው ፍሎራይድ እንደሚበዛበት ከተመዘገበ ግን በሌላ እግሩ ይቆማል።

ስህተትንና ለውጥን ማምታታትም አለ። «ሀዋሳ ደቡብ ክልል ውስጥ ናት» የሚለው ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል እስኪሆን ድረስ ልክ ነበር። ዓለም ተቀየረ እንጂ መረጃው አልተሳሳተም። ተመራማሪዎቹ ካትሱኖና ሜንደልዞን እ.ኤ.አ. በ1991 ስህተትን ማረምንና ለውጥን መመዝገብን የለዩት ለዚህ ነው። እንደ ስህተት ካረማችሁት የ2010 ዓ.ም. መዝገቦቻችሁ ሁሉ ውሸት ይመስላሉ። መረጃውን ከነዘመኑ አስገቡ።

በመጨረሻ፣ ኤጂኤም አዲስ የመጣን መረጃ ሁሌም ይቀበላል። የተበላሸ ሴንሰር የላከው ቁጥርም አዲስ መረጃ ነው፤ ማጣሪያውን ከእርማቱ በፊት አስቀምጡ።