ኢንተለጀንት ዲዛይን ብላችሁ ስትፈልጉ የሶፋ ቪዲዮ እንዳይደርሳችሁ

የአክስቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ገብቶ ባዮሎጂ ላይ የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ሲደርስ ጥያቄውን ይዞ እኔ ጋ መጣ። «ሰንበት ትምህርት ቤት ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በቃሌ ይዣለሁ፣ እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ እያልኩ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው የሚሉኝ። የቱን ልያዝ?» አዋቂ መስዬ «ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚባል ነገር አለ፣ ሕይወት በአጋጣሚ ሳይሆን በአእምሮ ታቅዶ የተሠራ ነው የሚል ሐሳብ፣ አመጣልሃለሁ» አልኩት። ፍላሼን ይዤ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ ቪዲዮ የሚጭን ልጅ ጋ ሄድኩ፣ ስሙን ነገርኩት፣ ከፍዬ ተመለስኩ። ቤት ገብተን ከፈትነው። የጂፕሰም ኮርኒስ። የኤል ቅርጽ ሶፋ። መጋረጃ። ልጁ የጫነልኝ ኢንቴሪየር ዲዛይን ነበር። አቦ፣ ምን ይደረግ!

ከዚያ ወዲህ ራሴ መፈለግ ተማርኩ። እናንተም ድሬ ቁጭ ብላችሁ ይህንኑ የምትፈልጉ ከሆነ ልፋቱን ላሳጥርላችሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አንደኛ፣ የሐሳቡን ስም ትታችሁ በሰዎቹ ስም ፈልጉ። በአማርኛ ስፈልግ ባብዛኛው የሚመጣልኝ ስብከት ነው። ስብከት አልጠላም፣ ግን የልጁ ጥያቄ ስለ ሕዋስ ነው። ስለዚህ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ፊሊፕ ጆንሰን የሕግ ፕሮፌሰር ነበር፣ በ1991 ዳርዊንን እንደ ተከሳሽ ችሎት ፊት የሚያቆም መጽሐፍ አወጣ። ማይክል ቢሂ የባዮኬሚስትሪ ሰው ነው፣ ዋናው መጽሐፉ የ1996 ነው። ስቲቨን ማየር ደግሞ በ2009 ስለ ዲኤንኤ ጻፈ። ዲኤንኤ ውስጥ መረጃ አለ፣ መረጃ ደግሞ ምንጩ አእምሮ ነው ይላል። እነዚህን የሚያሰባስባቸው ሲያትል ያለው ዲስከቨሪ ኢንስቲትዩት ነው። ድረ ገጹ ላይ በነፃ የሚነበብ ጽሑፍና የሚደመጥ ፖድካስት ሞልቷል።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ እኔም ወራት ያባከንኩበት። «እግዚአብሔር ፈጠረ» የሚል ሁሉ ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚል አይደለም። ቤቶቹ የተለያዩ ናቸው፣ እርስ በርስም ይነቃቀፋሉ። ኬን ሃም ያቋቋመው አንሰርስ ኢን ጀነሲስ የተባለ ድርጅት ምድር ስድስት ሺህ ዓመት ገደማዋ ነው ይላል። የኢንተለጀንት ዲዛይን ሰዎችንም «ንድፍ አውጪው ማን እንደሆነ ስሙን አትጠሩም» ብሎ ይወቅሳል። ሂው ሮስ በ1986 ያቋቋመው ሪዝንስ ቱ ቢሊቭ የምድርን ቢሊዮን ዓመታት ተቀብሎ ዝግመተ ለውጥን ግን አይቀበልም። የሰውን ጂኖም ፕሮጀክት የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ደግሞ በ2007 ባዮሎጎስን አቋቋመ፤ እነሱ ክርስቲያን ነን፣ ዝግመተ ለውጥም እግዚአብሔር የፈጠረበት መንገድ ነው ባዮች ናቸው። የሚገርማችሁ፣ ቢሂ ራሱ ፍጥረታት ከአንድ ግንድ መምጣታቸውን ይቀበላል። የእሱ ክርክር ያለ አእምሮ አልሆነም የሚል ነው። እና አንድ ቪዲዮ ከመክፈታችሁ በፊት ሰውየው የየትኛው ቤት እንደሆነ ጠይቁ። ያለዚያ ጠዋት የሰማችሁት ማታ ከምትሰሙት ጋር ይጋጭና ጭንቅላታችሁ ይዞራል።

ሦስተኛ፣ መቶ ነገር ከማውረድ አንዲት ክርክር ይዛችሁ እስከ ጫፍ ሂዱ። እኛ የጀመርነው ከባክቴሪያ ጭራ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያ እንደ ሞተር የምትሽከረከር ጭራ አላት፣ በሷ ትዋኛለች። ቢሂ እንዲህ ይላል፦ ከዚህች ሞተር አንድ ክፍል ካወጣችሁ አትሠራም፣ ስለዚህ ቀስ በቀስ ልትገጣጠም አትችልም። ለአክስቴ ልጅ በባጃጅ አስረዳሁት። ካንዴላዋን ንቀል፣ ባጃጇ ቆመች ማለት ነው። ገባው።

ቀጥሎ ግን መልሱንም ፈልጉ። ኬኔት ሚለር የሚባል የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ጭራዋን ከሚሠሩት ክፍሎች ጥቂቶቹ ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ እንደ መርፌ ሆነው መርዝ ለመውጋት እንደሚያገለግሉ ያሳያል። ክፍሉ እዚህ ሞተር ሳይሆን እዚያ ሌላ ሥራ ነበረው ማለቱ ነው። ቢሂ የአይጥ ወጥመድን ምሳሌ ስለሚያበዛ፣ ሚለር ከወጥመዱ ክፍሎች አውጥቶ የቀረውን የከረባት መያዣ አድርጎታል! ሁለቱም ካቶሊክ ናቸው እንግዲህ። የአክስቴ ልጅ «ካንዴላው ቀድሞ ጄኔሬተር ላይ ነበር እያለ ነው?» አለኝ። በትክክል።

ሁለቱም በ2005 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዶቨር በምትባል ከተማ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርበው መስክረዋል። የትምህርት ቦርዱ ኢንተለጀንት ዲዛይን በባዮሎጂ ክፍል እንዲነሳ አደረገ፣ ወላጆች ከሰሱ፣ ዳኛው ሳይንስ አይደለም፣ ሃይማኖታዊ ሐሳብ ነው ብለው ወሰኑ። የውሳኔው ጽሑፍ 139 ገጽ ነው፣ በነፃ ይወርዳል። ብትስማሙም ባትስማሙም አንብቡት፣ የሁለቱንም ወገን ክርክር አንድ ላይ ታገኛላችሁ። ቢሂ ያስተማረበት የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ክፍልም በሐሳቡ እንደማይስማማ በይፋ ጽፏል። ይህን የምነግራችሁ ልባችሁን ላቀዘቅዝ አይደለም። አብዛኛው የሳይንስ ሰው ከነቢሂ ጋር አይስማማም፣ ልጁ ይህን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሚሰማው አሁን ከእኛ ቢሰማው ይሻላል።

ስለ ማውረዱ ብዙ አልልም። ቪዲዮውን ዝቅ ባለ ጥራት ወይም ድምፁን ብቻ አውርዱ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሲናገር ማየት ካርድ መብላት ነው። የሌሊት ፓኬጅ ይረዳል። አሮጌ መጻሕፍት የቅጂ መብታቸው ስላለፈ በነፃ ይገኛሉ። ሜዳ ላይ የወደቀ ሰዓት ያየ ሰው ሰዓት ሠሪ አለ ይላል የሚለው የዊልያም ፔሊ የ1802 መጽሐፍና የዳርዊን የ1859ኙ ሁለቱም አሉ። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ ፒዲኤፎችን ግን ተጠንቀቁ። እኔ ያወረድኩት አንዱ ከመሃሉ ምዕራፍ ጎድሎታል፣ ሌላው አማርኛ ትርጉም ተብሎ የተርጓሚው ስም እንኳ የለበትም፣ «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» ይላል፣ የትኞቹ ሳይንቲስቶች እንደሆኑ አይናገርም። እንዲህ ያለውን ለልጆች እንዳታስተላልፉ።

የቤተ ክርስቲያናችሁንም መምህር ጠይቁ፣ ግን ጥያቄውን አስተካክላችሁ። «ዳርዊን ውሸታም ነው አይደል?» ካላችሁ መልሱ አጭር ነው። «አክሲማሮስ (የሥነ ፍጥረት መጽሐፉ) ስለ ስድስቱ ቀናት ምን ይላል?» ብትሉ ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ትቀመጣላችሁ። የእኛ ሥነ ፍጥረት ትምህርት ከመጽሐፍ ተነስቶ ነው የሚሄደው፣ የነማየር ክርክር ደግሞ ሆን ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ሳይጠቅስ ነው የሚጀምረው። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ እንዳታቀርቡ። መዝሙሩን ስትፈልጉም «ሰማያት ይናገራሉ» የሚለው በአንዱ አቆጣጠር 18፣ በሌላው 19 ነው፣ ከፕሮቴስታንት ጓደኛ ጋር ስታነቡ እንዳትከራከሩ።

አንዱ ሀብት ደግሞ ደጃችን ነው ያለው። ከድሬ በስተደቡብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ። በ1929 እዚያ የደረሱት ፈረንሳዊው ጀብደኛ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ፒየር ቴያር ደ ሻርደን ናቸው። ቴያር የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነበር፣ ዝግመተ ለውጥን ከእምነቱ ጋር ለማስማማት ዕድሜውን ሙሉ የጻፈ። አለቆቹ እንዳያሳትም ስለከለከሉት ዋና ዋና ሥራዎቹ የወጡት በ1955 ከሞተ በኋላ ነው። የኢንተለጀንት ዲዛይን ሰው አይደለም፣ ግን የልጁን ጥያቄ እሱም ጠይቆታል፣ እኛው ተራራ ላይ። ዋሻው ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎችና 40 ኪሎ ያህል ቀይ አፈር ተገኝቷል፣ ግድግዳው ላይም ሥዕሎች አሉ። የአክስቴን ልጅ ይዤው ወጣሁ። መንገዱን የሚያውቅ የሰፈሩን ልጅ ያዙ፣ በጠዋት ውጡ፣ ውሃ አትርሱ።