ሰርክሊፑ አንዱ ሻፍት ላይ አልገባም ሲል፣ ሌላው ላይ ሲላላ

ሻፍት ላይ ሁለት 6204 ኩሽኔታ (ቤሪንግ)፣ መሃላቸው ስፔሰር (አራራቂ ቱቦ)፣ ጫፉ ላይ ሰርክሊፕ (ሻፍቱ ላይ በተቆረጠ ጎድጓድ ገብቶ ዕቃዎቹን የሚይዝ ቀለበት)። ዕቃዎቹ በማይክሮሜትር ሲለኩ ሁሉም በየራሳቸው ቶለራንስ (የተፈቀደ የመጠን ልዩነት) ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ቶርኖውን መውቀስ ዋጋ የለውም፤ ስህተቱ ያለው ድሮዊንጉ ላይ ነው።

የኩሽኔታው ስፋት 14 ሚ.ሜ ነው፤ እስከ 0.12 ሊያንስ ይችላል እንጂ አይበልጥም። ስፔሰሩ 30±0.1፣ ሰርክሊፑ 1.2 (እስከ 0.06 ሊሳሳ ይችላል)። ከሻፍቱ ትከሻ (የመጀመሪያው ኩሽኔታ ከሚደገፍበት ደረጃ) እስከ ጎድጓዱ የውጭ ግድግዳ 59.2±0.1። ወፍራሞቹ አጭር ሻፍት ላይ ሲገናኙ 0.2 ይተርፋል፣ አይገጥምም። ቀጫጭኖቹ ረጅም ሻፍት ላይ ሲውሉ ደግሞ 0.5 ክፍተት ይቀራል። ሙቀት ይሆን እንዳይባል፣ 60 ሚ.ሜ ብረት በ20 ዲግሪ ልዩነት የሚለጠጠው 0.014 ገደማ ብቻ ነው።

ሁሉንም ቶለራንስ ማጥበቅ ውድ ነው፤ የኩሽኔታው ደግሞ ከነጭራሹ በእጃችን አይደለም። የተቀየረው ስፔሰሩ ብቻ ነው፦ 29.75±0.05። አሁን ክፍተቱ ምንጊዜም ከ0.1 እስከ 0.7 ውስጥ ነው። ሰርክሊፑን ወደ ውጭ ገፍቶ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (በስስ ምላሶች ክፍተት የሚለካ መሣሪያ) መለካት፣ ከዚያ በ0.1፣ 0.2፣ 0.3 ወይም 0.5 ሺም (ስስ የመሙያ ቀለበት) መሙላት። ሺሙ መንካት ያለበት የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት ብቻ ነው፤ የውጩን ከነካ ይፋተጋል።