በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ የሌሎችን ሥራ በአግባቡ መጠቀምና ምንጭ መጥቀስ የሚቻለው እንዴት ነው?

ምንጭ መጥቀስ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሚከናወን የማጠናቀቂያ ሥራ ተደርጎ ይታያል። ጸሐፊው ምዕራፎቹን ጨርሶ የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ፣ የትኛው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ለማስታወስ እየታገለ በየአንቀጹ መጨረሻ ቅንፍ ከፍቶ የደራሲ ስምና ዓመት ያስገባል። ሆን ብሎ የሌላውን ሥራ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ሰው መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ቅን የሆነ ጸሐፊም ማስታወሻው ስለተደበላለቀበት ብቻ በጽሑፍ ስርቆት ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከመጻፉ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ በንባቡ ወቅት ነው።

ማስታወሻ አያያዝ

አንድን መጽሐፍ ወይም የጆርናል ጽሑፍ ማንበብ ከመጀመርዎ በፊት ሙሉ መረጃውን ይመዝግቡ፤ የደራሲውን ሙሉ ስም፣ ርእሱን፣ የታተመበትን ዓመት፣ አሳታሚውን፣ ጆርናል ከሆነም ቅጹን፣ ቁጥሩንና ገጾቹን። ምንጩ የተገኘው በኢንተርኔት ከሆነ አድራሻውንና ያነበቡበትን ቀን ይጨምሩ። ዲኦአይ የሚባለው በ10 የሚጀምር መለያ ቁጥር ካለው ግን እሱን ማስቀደም ይሻላል፤ የድረ ገጹ አድራሻ ቢቀየር እንኳ መለያው አብሮ እንዳይቀየር ተብሎ የተዘጋጀ ነውና።

ከዚያ በኋላ በደብተርዎ የሚሰፍረውን ነገር በሦስት ይክፈሉት። አንደኛው ከምንጩ ቃል በቃል የተቀዳ ነው፤ ይህ በተቀዳበት ቅጽበት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ገብቶ የገጽ ቁጥሩ አጠገቡ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው የደራሲው ሐሳብ ሆኖ በእርስዎ ቃል የተገለጸው ሲሆን፣ እሱም የገጽ ቁጥር ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ንባቡ በእርስዎ ውስጥ የቀሰቀሰው የራስዎ አስተያየት ነው። ሦስቱን ለመለየት የተለያየ ቀለም ወይም በኅዳግ ላይ የሚጻፍ አንድ ፊደል ይበቃል። እኔ ይህን ልማድ ከመያዜ በፊት በአንድ አሮጌ ማስታወሻዬ ውስጥ በጣም የወደድኩት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፤ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው ማወቅ ስላልቻልኩ ከጽሑፌ ማውጣት ግድ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ትምህርተ ጥቅስ አድርጌበት ቢሆን ኖሮ ሥራው የሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር።

እንደ ዞቴሮ ያሉ የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራሞች መረጃውን ከድረ ገጽ በቀጥታ ይሰበስባሉ፤ ዞቴሮ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ በነጻ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚያመጣው ድረ ገጹ ላይ ያገኘውን እንዳለ ስለሆነ፣ የተገለበጠ ስም ወይም የጎደለ ዓመት አብሮ ሊመጣ ይችላል። እያንዳንዱን መዝገብ ከምንጩ ጋር ማስተያየት የጸሐፊው ድርሻ ነው።

የሚጠቅሱትን ምንጭ ራሱን ያንብቡ

ይህ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ጉዳይ ነው። አንድ ጸሐፊ ሌላውን ጠቅሶ ያቀረበውን ሐሳብ፣ ዋናውን ምንጭ ሳንከፍት እንዳነበብነው አድርገን ስንጠቅስ፣ ስህተት ካለ ስህተቱን በእኛ ስም እናጸናዋለን። በዚህ ረገድ የስፒናች ታሪክ አስተማሪ ነው። በስፒናች ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን መጠን ለረጅም ጊዜ ተጋንኖ የኖረው በአንድ የአሥርዮሽ ነጥብ አቀማመጥ ስህተት ምክንያት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1981 በብሪታንያ የሕክምና ጆርናል ላይ ወጣ፤ ለዚህ አባባሉ ግን ምንም ምንጭ አልጠቀሰም። ታሪኩ ስለ ሳይንሳዊ ጥንቃቄ በሚያስተምሩ ጽሑፎች ሳይቀር ለዓመታት ሲደጋገም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ዋናዎቹ ሰነዶች ተመልሶ የመረመረ ተመራማሪ የነጥብ ስህተቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኘም።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ትልቅ የአካዳሚክ አሳታሚ ለደራሲያን ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ማጣቀሻ እንዴት እንደሚጻፍ ለማሳየት ብቻ የሰፈረ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደወጣ የተደረገ የናሙና ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉ በእውን የለም፤ ሆኖም በመቶዎች በሚቆጠሩ የታተሙ ጥናቶች ዋቢ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። ዛሬ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የጽሑፍ ፕሮግራሞች ደራሲ፣ ርእስና ዓመት የተሟላለት ነገር ግን ፈጽሞ የሌለ ምንጭ ፈጥረው ሊሰጡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሐሰት የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ባቀረቡ ጠበቆች ላይ የ5,000 ዶላር ቅጣት ጥሏል። ስለዚህ ከፍተው ያላዩት ምንጭ በዋቢ ዝርዝርዎ ውስጥ አይግባ። ዋናው ጽሑፍ ጠፍቶ ወይም ሊገኝ ሳይችል ቀርቶ ከሌላ ሰው ሥራ ላይ ብቻ ካገኙት፣ ይህንኑ በግልጽ «በእገሌ ውስጥ እንደተጠቀሰው» ብለው ይጻፉ፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባውም በእርግጥ ያነበቡት ሥራ ነው።

ቃል በቃል መጥቀስ ወይስ በራስ ቃል መግለጽ?

ቀጥተኛ ጥቅስ የሚያስፈልገው ቃሉ ራሱ ሲፈለግ ነው። የሕግ አንቀጽ፣ የአንድ ጽንሰ ሐሳብ ብያኔ፣ የሚተነትኑት ግጥም ወይም የሚተቹት አባባል በሌላ ቃል ሲነገር ሊዛባ ስለሚችል እንዳለ ይቀመጣል። ከመካከሉ የተቀነሰ ነገር ካለ ሦስት ነጥብ፣ የተጨመረ ማብራሪያ ካለ ማዕዘናዊ ቅንፍ ያመለክተዋል፤ ቅነሳው ግን የደራሲውን ትርጉም የሚያጣምም መሆን የለበትም። ረዘም ያለ ጥቅስ ያለ ትምህርተ ጥቅስ፣ ከኅዳጉ ገባ ብሎ ለብቻው ይጻፋል። ርዝመቱ እንደየአጠቃቀስ ስልቱ፣ ማለትም ምንጭ እንደሚጠቀስበት የደንብ ዓይነት ይለያያል፤ በኤፒኤ ስልት 40 ቃላትና ከዚያ በላይ፣ በኤምኤልኤ ከአራት መስመር በላይ የሆነ ዝርው ጽሑፍ፣ በቺካጎ ደግሞ 100 ያህል ቃላት ሲሆን ነው። በጥቅስ የተሞላ ገጽ ጸሐፊው ራሱ ምን እንደሚያስብ ስለማይነግረን፣ ከእያንዳንዱ ጥቅስ በኋላ ለምን እንደመጣ የሚገልጽ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ሊከተል ይገባል።

በራስ ቃል መግለጽ ከዚህ የከበደ ሥራ ነው። ለማሳያ ያህል እኔ የጻፍኩትን የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር «ሀ» የተባለ ደራሲ በ2015 አሳትሞታል እንበል፦ «የተማሪዎች የንባብ ልማድ የሚዳብረው በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን፣ በቤት ውስጥ መጻሕፍት ሲገኙና ወላጆች ሲያነቡ ሲታዩ ጭምር ነው።» አንድ ተማሪ ይህን እንዲህ ብሎ ጻፈው እንበል፦ «የተማሪዎች የማንበብ ባህል የሚያድገው በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን፣ በቤታቸው መጻሕፍት ሲኖሩና ወላጆቻቸው ሲያነቡ ሲያዩ ጭምር ነው (ሀ፣ 2015)።» ምንጩ ተጠቅሷል፤ ሆኖም «ልማድ» በ«ባህል»፣ «የሚዳብረው» በ«የሚያድገው» እንደተተኩት ያሉ ጥቂት ቃላት ከመለወጣቸው በቀር የዓረፍተ ነገሩ አጽም አልተነካም። ቅንፉ ሐሳቡ የሀ መሆኑን ቢናገርም አገላለጹ የተማሪው እንደሆነ አስመስሎ ያቀርባል፤ ይህም እንደ ስርቆት ይቆጠራል። ተገቢው አገላለጽ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦ «ሀ (2015፣ ገጽ 42) ትምህርት ቤት ብቻውን አንባቢ እንደማያፈራ ያስገነዝባል፤ መጽሐፍ የማይጠፋበት መኖሪያና የሚያነብ ወላጅም በልጁ ላይ የራሳቸው ተጽዕኖ አላቸው።»

ወደዚህ ለመድረስ አስተማማኙ መንገድ ክፍሉን ደጋግሞ አንብቦ መጽሐፉን መክደን፣ ከዚያም ለማያውቀው ሰው እንደሚያስረዱ ሆኖ መጻፍ ነው። ሲጨርሱ ከምንጩ ጋር ያስተያዩት። የደራሲው የተለየ አገላለጽ ሳይታወቅ ገብቶ ካገኙት ወይ በትምህርተ ጥቅስ ያስገቡት፣ ወይ እንደገና ይጻፉት። መጽሐፉ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ሳለ በራስ ቃል መግለጽ እጅግ ይከብዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መተርጎም ሐሳቡንም ሆነ አገላለጹን የተርጓሚው አያደርገውም። ቃላቱ በሙሉ የተለወጡ ስለሚመስሉ ጸሐፊው አዲስ ነገር የጻፈ ያህል ይሰማው ይሆናል፤ ነገር ግን ዓረፍተ ነገርን በዓረፍተ ነገር የተከተለ ትርጉም ቀጥተኛ ጥቅስ ስለሆነ በትምህርተ ጥቅስ ገብቶ «ትርጉም የጸሐፊው» የሚል መግለጫ ይደረግበታል። የጽሑፍ መመሳሰልን የሚፈትሹ ሶፍትዌሮች እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ ሳያገኙት ያልፋሉ፤ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ አንባቢ ግን ወዲያው ይለየዋል።

የእርስዎና የሌላው ድምፅ የሚለይበት ድንበር

አሥር ዓረፍተ ነገሮች ባሉት አንቀጽ መጨረሻ ላይ አንድ ቅንፍ ብቻ ከተቀመጠ፣ አንባቢው የተወሰደው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይሁን አንቀጹ በሙሉ ማወቅ አይችልም። መፍትሔው የሌላውን ሐሳብ በደራሲው ስም ከፍቶ በቅንፍ መዝጋት ነው፤ «ሀ እንደሚለው» ተብሎ ይጀመርና ገጹ ተጠቅሶ ያበቃል፤ የእርስዎ ትንታኔም «ከዚህ በመነሳት» በሚል ወይም በሌላ ግልጽ መሸጋገሪያ ይቀጥላል። የግሱም ምርጫ ክብደት አለው። «አረጋገጠ»፣ «ይከራከራል» እና «ይገምታል» አንድ አይደሉም፤ ደራሲው የገመተውን «አረጋገጠ» ብሎ መጻፍ ምንጩን በትክክል ጠቅሶ ይዘቱን ማዛባት ነው።

ሁሉም ነገር ምንጭ አይሻም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 እንዳበቃ ወይም ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ ለመናገር ማንንም መጥቀስ አያስፈልግም። አኃዝ፣ የጥናት ውጤት፣ አከራካሪ ትርጓሜ፣ ሠንጠረዥና ሥዕል ግን ሁልጊዜ ባለቤታቸው ይጠቀሳል። ሥዕልን ወይም ፎቶግራፍን በተመለከተ ምንጭ መጥቀስና ፈቃድ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለኅትመት በሚበቃ ሥራ ላይ ሁለቱም ሊያስፈልጉ ይችላሉ። ከዚህ ቀደም ያስረከቡትን ወይም ያሳተሙትን የራስዎን ጽሑፍ መልሰው ሲጠቀሙም እንደ ማንኛውም ምንጭ ይጠቅሱታል።

ስልትና የመጨረሻ ማጣራት

የትኛውን የአጠቃቀስ ስልት እንደሚከተሉ የሚወስነው የትምህርት ክፍልዎ ወይም ጆርናሉ ነው። ኤፒኤ ደራሲንና ዓመትን፣ ኤምኤልኤ ደራሲንና ገጽን፣ አይትሪፕልኢ ደግሞ በማዕዘናዊ ቅንፍ የገባ ተራ ቁጥርን ይጠቀማሉ፤ ቺካጎ የግርጌ ማስታወሻም ደራሲና ዓመትም ይፈቅዳል። የተሰጠዎትን አንዱን ይያዙ፤ አያቀላቅሉ። ከፊቱ የተጠቀሰውን ምንጭ ደግሞ ለመጥቀስ የሚጻፈውን «ዝኒ ከማሁ» በረቂቅ ላይ አይጠቀሙ፤ በመካከል አንድ አዲስ ማጣቀሻ ሲገባ ቃሉ ሳይታወቅ ወደ ሌላ መጽሐፍ ይጠቁማል። ስምን በተመለከተም የመጨረሻው ስም ሁልጊዜ የቤተሰብ ስም አለመሆኑን ያስታውሱ፤ ሃንጋሪያውያንና ቻይናውያን የቤተሰብ ስማቸውን ያስቀድማሉ፤ አብዛኞቹ አይስላንዳውያን ደግሞ ከራሳቸው ስም ቀጥሎ የሚጠሩት የአባታቸውን ስም ስለሆነ በዝርዝር ውስጥ በራሳቸው ስም ይደረደራሉ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ዋቢ ዝርዝሩን በወረቀት ያትሙና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው እያንዳንዱን ማጣቀሻ ባገኙ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያድርጉ። በጽሑፉ ውስጥ ተጠቅሶ በዝርዝሩ የሌለ ካለ ይጨምሩት፤ በዝርዝሩ ኖሮ በጽሑፉ ያልተጠቀሰ ካለ ያውጡት። በዚያው አጋጣሚ ከጠቀሷቸው ጥናቶች ውስጥ በአሳታሚው የተሰረዘ እንዳለ ይመልከቱ፤ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት በ2010 ቢሰረዝም ከዚያ በኋላ መጠቀሱ አልቀረም። በመጨረሻ ጥቅሶቹን አንድ በአንድ ከመጽሐፎቹ ጋር፣ ቃሉንም ገጹንም እያዩ ያመሳክሩ፤ ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡለት።