ባህር ዳር አሳ ከማዘዛችሁ በፊት ስንጥቡን እዩት

ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ አሳ ጉላሽ ወይ ኮተሌት ካዘዛችሁ የዛሬ ይሁን የሦስት ቀን አታውቁም፣ ተቆራርጦ ዱቄትና በርበሬ ከነካው በኋላ ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ጥብስ እዘዙና "ሳይጠበስ ልየው" በሉ፣ ማንም አይቆጣም። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከሆነ ጉንጩን ገለጥ አርጋችሁ ስንጥቡን (የሚተነፍስበትን) እዩ፣ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ወደ ቡኒ ወይ ግራጫ ከሄደ ተዉት፣ ምክንያቱም ስንጥብ በደም የተሞላ ስለሆነ አሳው ከሞተ በኋላ ቶሎ ቀለሙን የሚቀይረው እሱ ነው። አይኑም ጥርት ብሎ ወጣ ማለት አለበት፣ በረዶ ውስጥ የቆየ ከሆነ ግን አይኑ ስለሚደፈርስ በሱ ብቻ አትፍረዱ።

አምባዛ (ካትፊሽ) ላይ የአይኑ ነገር ጭራሽ አይሰራም፣ አይኑ ጢኒጥዬ ናት። እሱ ደግሞ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ሰዓታት ይቆያል፣ እና ጠዋት አሳ አስጋሪዎቹ ሲመለሱ ከደረሳችሁ በህይወት ያለውን መርጣችሁ ትወስዳላችሁ (ለሾርባ እኔ ከሱ ሌላ አልፈልግም)።

ለመብላት ብላችሁ ኢስታንቡል ከሄዳችሁም ያው ነው፣ እንደውም እዛ ሻጮቹ ራሳቸው ስንጥቡን ገልብጠው ቀዩን ወደ ውጪ አርገው ነው የሚደረድሩት፣ የኛዎቹም ቢለምዱት ጥሩ ነበር። ብቻ ቶኪዮ ጥሬ ይበላል ብላችሁ የጣናን አሳ ጥሬውን እንዳትሞክሩ፣ የሐይቅ አሳ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ምንም ትኩስ ቢሆን በደንብ ይብሰል።