ከአንጎል ግንድ ስትሮክ በኋላ ሰውነት ሳያዙት ሲንቀሳቀስ፦ ችግርና መፍትሄ

ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ክንዱ እየበረታ ሳለ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቤተሰብ «ደግሞ መታው!» ብሎ ይደነግጣል። ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ አዲስ ስትሮክ አይደለም፤ የተጎዳው የነርቭ መስመር ዘግይቶ የሚያመጣው ነው። በድንገት ከመጣ ግን፣ በተለይ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ንቃቱ ከቀነሰ፣ ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ቅርብ ሆስፒታል (ጎንደር ላላችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል) ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የአንጎል ግንድን (አንጎልን ከሕብለ ሠረሰር የሚያገናኘውን ክፍል) የሚመግበው ደም ስር ሲዘጋ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ስኳሩም ይለካ፤ በጣም የጨመረ ስኳር ብቻውን አንዱን ወገን እጅና እግር ሊያወራጭ ይችላል።

እጅ ዝግ ብሎ ሲንቀጠቀጥ

እጁን ጭኑ ላይ አሳርፉት፣ ከዚያ ይዘርጋው፣ ከዚያ ስኒ ወደ አፉ ያምጣ። ሦስቱንም በስልክ ቅረጹ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይሻላል። መንቀጥቀጡ በ10 ሴኮንድ ከ45 ጊዜ የማይበልጥ ከሆነ፣ በእረፍትም ካለና ስኒው ከንፈር ሲቃረብ ከባሰ፣ ምንጩ ብዙ ጊዜ መካከለኛው አንጎል (የአንጎል ግንድ የላይኛው ክፍል) ነው፤ ከትንሹ አንጎል የሚመጣው መስመርና የዶፓሚን (እንቅስቃሴን የሚያግዝ የአንጎል ኬሚካል) መስመር አብረው ተጎድተዋል። ሐኪሙ ሌቮዶፓ የተባለ ዶፓሚን የሚተካ መድኃኒት ሊሞክር ይችላል፤ ሁሉንም ባይረዳም መሞከሩ ተገቢ ነው። ከምግብ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዋጥ፤ የሥጋም የሽሮም ፕሮቲን መድኃኒቱን ይሻማዋል።

እቤት፦ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ያስደግፍ፣ ኩባያው እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላ። ግማሽ ኪሎ ገደማ አሸዋ በጨርቅ ሰፍቶ አንጓ ላይ ማሰር አንዳንዱን ያረጋጋዋል፤ ካደከመው ይፈታ። የጀበናው ከሰል ከሚንቀጠቀጠው እጅ ይራቅ።

ላንቃ ሲርገበገብ

ጆሮ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ሊል ይችላል፣ ዓይን ይወዛወዛል፣ የቆመ ነገር የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ከአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል ያለች ኦሊቭ የምትባል የነርቭ ሕዋሳት ክምችት ከወራት በኋላ ስለምታድግ ነው። በኤምአርአይ ዕጢ ልትመስል ስለምትችል ስትሮኩ የደረሰበትን ቀን ምስሉን ለሚያነበው ሐኪም ንገሩ። ለዓይኑ ጋባፔንቲን ወይም ሜማንቲን ሊታዘዝ ይችላል፤ ጨርሶ ላይጠፋ ግን ይችላል። ትን የሚለው ከሆነ ቀና ብሎ ተቀምጦ ይጠጣ፣ አጥሚቱም ወፈር ይበል።

እግር ሲርገፈገፍ

ጣቱ መሬት ሲነካ ባቱ የሚዘል ከሆነ የጡንቻ መወጠር ነው። ተረከዙን መሬት አስነክቶ ክብደቱን ይጫንበት፤ ፊዚዮቴራፒ ይከታተል። ባክሎፌን (ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ በድንገት አያቋርጥ፤ ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

አንገት ቢጣመም ወይም ምላስ ቢወጣ ግን የመድኃኒት ከረጢቱን አራግፋችሁ እዩ። ማስታወክን ለማስቆም የተሰጠ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ወይም ሃሎፔሪዶል ካለ ሳትዘገዩ ለሐኪሙ አሳዩ።