ወደ ዊንዶውስ 11 ሲሻገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዊንዶውስ 11 የጫነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው በተጨመረው ሳይሆን በጠፋው ነው። ታስክባሩን (በስክሪኑ ግርጌ ያለውን የፕሮግራሞች ረድፍ) ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ልውሰድ ቢል እምቢ ይለዋል፤ በቀኝ ክሊክ የሚመጣው ዝርዝር ግማሹ ተደብቋል፤ ስታርት ሜኑ ላይ በቡድን የደረደራቸው ፕሮግራሞች ተበትነዋል። ቅሬታው ተገቢ ነው። እጅ ለዓመታት የለመደው ነገር ሲወሰድ የሚባክነው የሥራ ሰዓት ነው። ከባዱ ጉዳት ግን የሚመጣው ከአፕግሬዱ በፊት ሳይደረጉ ከቀሩ ጥቂት ነገሮችና ከአፕግሬዱ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ነው።

የሚቀረውን ሳያውቁ መጫን

ማይክሮሶፍት የሚያስቀራቸውን ፊቸሮች ዝርዝር አስቀድሞ ያወጣል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ሰው ነው። ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2021 ሲወጣ ላይቭ ታይልስ (በስታርት ሜኑ ላይ ይዘታቸው የሚለዋወጥ ካሬዎች)፣ ታይምላይን (ቀደም ብለው የሠሩበትን ዝርዝር የሚያሳየው)፣ ታብሌት ሞድና ማዝ ኢንፑት ፓነል (የሒሳብ ቀመር በእጅ መጻፊያው) አብረውት አልመጡም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም ተዘግቶ፣ በእሱ ብቻ የሚከፈቱ የድሮ የመሥሪያ ቤት ገጾች በኤጅ (በማይክሮሶፍት አዲሱ ብራውዘር) ውስጥ ባለው አይኢ ሞድ እንዲከፈቱ ተደረገ። ዎርድፓድ የሚባለው ቀላል የጽሑፍ ፕሮግራም ደግሞ በ24ኤች2፣ ማለትም በ2024 ሁለተኛ አጋማሽ እትም፣ ተወገደ፤ በእሱ የተጻፉ አርቲኤፍ ፋይሎች ያሉት ሰው አስቀድሞ ሊብሬኦፊስ ወይም ዎርድ መጫኑን ያረጋግጥ።

አንዳንዱ ፊቸር ጠፍቶ ተመልሷል። ፋይል ጎትቶ ታስክባር ላይ ባለ ፕሮግራም ላይ መጣል በ2022 ተመለሰ። የተከፈቱ መስኮቶችን ሳይደራረቡ ከነስማቸው ማሳየት የተመለሰው በ2023 ነው። ስለዚህ በ2021 የተጻፈ ቅሬታ አንብቦ መወሰን እንደሚያሳስት ሁሉ፣ አዲስ መመሪያ ይዞ አሮጌ እትም ላይ መታገልም ያደክማል። እትምዎን ለማወቅ የዊንዶውስ ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጭነው በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ዊንቨር ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ።

የሚሻለው አሠራር ይህ ነው፦ ከአፕግሬዱ በፊት ባለው አንድ ሳምንት በየቀኑ የሚነኩትን ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ፕሪንተሩን፣ ስካነሩን፣ የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ የአማርኛ መጻፊያውን፣ ታስክባሩ ያለበትን ቦታ። ከዚያ አንድ በአንድ ያጣሩ። የፕሪንተርና የስካነር ድራይቨር (መሣሪያውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) በተለይ ችላ አይባልም። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት እትም የለውም፤ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ላይ ሲሠራ የቆየ ድራይቨር እዚያው ይቀራል፣ የ16 ቢት ዘመን ፕሮግራሞችም እንዲሁ። ከ32 ቢት የሚነሳ ሰው አፕግሬድ ማድረግም አይችልም፤ ያለው መንገድ እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው።

አሥሩን ቀን ማባከን

አፕግሬዱ ሲያልቅ የድሮው ዊንዶውስ ወዲያው አይጠፋም። ሲ ድራይቭ ውስጥ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ለ10 ቀን ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ገብተው «ጎ ባክ» የሚለውን ቢጫኑ ወደ ዊንዶውስ 10 ይመለሳሉ፤ የግል ፋይሎችዎ ይቆያሉ፣ ከአፕግሬዱ በኋላ የጫኗቸው ፕሮግራሞች ግን ይነሳሉ።

ይህን መንገድ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው። ዲስኩ ሞላብኝ ብሎ ዲስክ ክሊንአፕ ይከፍትና «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽንስ» የሚለውን ምልክት አድርጎ ያጠፋል። ፎልደሩ ከጠፋ መመለሻ የለም። አዲስ የተጠቃሚ አካውንት መፍጠርም መመለሱን ያደናቅፋል፤ ከፈጠሩ ከመመለስዎ በፊት ያጥፉት።

10 ቀን የወር መዝጊያ ሒሳብ ለሚሠራ ሰው አይበቃም፤ ፕሮግራሙ መበላሸቱን የሚያውቀው ወሩ ሲያልቅ ነው። ቀኑን ማራዘም ይቻላል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍተው «ዲስም» በሚባለው ትእዛዝ፣ «ሴት ኦኤስ አንኢንስቶል ዊንዶው» በሚለው አማራጩ፣ እስከ 60 ቀን ማድረስ ይችላሉ። ይህ የሚሠራው አሥሩ ቀን ሳያልፍ ነው፤ ስለዚህ አፕግሬዱ እንዳለቀ በዚያው ዕለት ያድርጉት።

አፕግሬድ ፈልገው ፎርማት ማስደረግ

ጥገና ቤት ሄዶ «ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ» ሲባል ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሲ ድራይቭን ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። ለእሱ ይፈጥናል። ለእርስዎ ግን «ጎ ባክ» የሚባል ነገር አይኖርም፤ ፕሮግራሞች፣ ሴቲንጎችና የጫኗቸው ፎንቶች በሙሉ ይሄዳሉ። «ፎርማት ሳታደርግ፣ በላዩ ላይ አፕግሬድ አድርግልኝ» ብለው በግልጽ ይንገሩ።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በድሮው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶች ዩኒኮድ (ለሁሉም ቋንቋ የጋራ የሆነው የፊደል ኮድ) አይደሉም፤ በውስጣቸው ያለው የላቲን ፊደል ኮድ ሲሆን አማርኛ መስሎ የሚታየው በፎንቱ ኃይል ነው። ፎንቱ ከሌለ የ20 ዓመት ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ፎንቱን ሲመልሱለት ይነበባል። ስለዚህ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ውስጥ ገብተው እነዚህን ፎንቶች ወደ ፍላሽ ይቅዱ። ከተቻለም አስፈላጊዎቹን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ አስቀይረው ያስቀምጡ።

ዩኒኮድ የሆነው ኒያላ ፎንትም አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ላይገኝ ይችላል። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» በሚባል አማራጭ ፊቸር ውስጥ ገብቷል። እሱ ከሌለ ጽሑፉ ኤብሪማን በመሰለ ሌላ ፎንት ይታያል፤ ይነበባል፣ ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ የገጽ አቆራረጡ ይዛባል፣ ሠንጠረዡም ይገፋል። ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብተው ይጨምሩት።

የመክፈቻ ቁጥሩን ሳይዙ ባዮስ መንካት

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0ን (የደኅንነት ቁልፎችን የሚይዝ ክፍል) እና ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ በታመነ ሶፍትዌር ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገውን ጥበቃ) የሚደግፍ ዩኢኤፍአይን (አዲሱን የባዮስ ዓይነት) ይጠይቃል። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ቲፒኤም አለ፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቶ ነው። በኢንቴል «ፒቲቲ»፣ በኤኤምዲ «ኤፍቲፒኤም» በሚል ስም ይገኛል። ችግሩ ዲስኩ በዊንዶውስ መቆለፊያዎች፣ በቢትሎከር ወይም በ«ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን»፣ ተቆልፎ ከሆነ ነው፤ ባዮሱ ሲነካ ኮምፒውተሩ ሲነሳ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉ የለም፤ ጥገና ቤትም አይፈታውም።

ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። የማን አካውንት? ላፕቶፑን መጀመሪያ ያዘጋጀው ሰው። የሸጠልዎ ወይም የጫነልዎ ሰው በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ ቁጥሩ እሱ ዘንድ ነው። አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ከኮምፒውተሩ ውጭ ያስቀምጡ፤ ባዮስ ከመንካትዎ በፊትም ቢትሎከርን «ሰስፔንድ» ያድርጉ (ለጊዜው ያቁሙ)።

ሌላው የዚሁ ስህተት ገጽታ ከ«ሌጋሲ» (ከድሮው የባዮስ አነሳስ) ወደ ዩኢኤፍአይ በቀጥታ መቀየር ነው። ዲስኩ በኤምቢአር (በድሮው የዲስክ አከፋፈል) የተከፋፈለ ከሆነ ዊንዶውሱ አይነሳም። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ ቀጥሎ «ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ» በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ዲስኩን ወደ አዲሱ አከፋፈል፣ ወደ ጂፒቲ፣ መቀየር፣ በመጨረሻ ባዮሱን መቀየር ነው። መሣሪያው ሳይቀይር ብቻ የሚፈትሽበት አማራጭ አለው፤ በእሱ ይጀምሩ።

የማይችል ኮምፒውተር ላይ በግድ መጫን

በይፋ የሚደገፉት ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ኢንቴል እና ከኤኤምዲ ራይዘን 2000 ጀምሮ ያሉት ናቸው። ሩፈስ በሚባል የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም መስፈርቱን አልፎ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላሉት የዝማኔ ዋስትና አይሰጥም። ከ24ኤች2 ጀምሮ ደግሞ ኮር 2 ዱዮን የመሰሉ ፕሮሰሰሮች የሚጎድሏቸው ትእዛዞች ስላሉ ጨርሶ አይነሳም። ኮምፒውተሩ የቢሮ ሥራ የሚሠራበት ከሆነ ይህን መንገድ አንመክርም።

የጠፋውን ፊቸር ባገኙት መሣሪያ መመለስ

ኤክስፕሎረርፓቸርና ስታርትኦልባክ የሚባሉ ፕሮግራሞች ታስክባሩንና የድሮውን ስታርት ሜኑ ይመልሳሉ፤ ብዙ ሰው በደስታ ይጠቀምባቸዋል። ዋጋቸው የሚታየው ትልቅ ዝማኔ ሲመጣ ነው። የዊንዶውስን ውስጠኛ ክፍል ስለሚነኩ ዝማኔው ከእነሱ ጋር ሊጋጭ፣ ታስክባሩም ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ትልቅ ዝማኔ ከመጫንዎ በፊት ያራግፏቸው፤ ከአዲሱ እትም ጋር የሚሄድ ቅጂ ሲወጣ ይመልሷቸው። በሪጅስትሪ (በዊንዶውስ ውስጣዊ የሴቲንግ መዝገብ) ታስክባሩን ወደ ላይ የማውጣት የ2021 ዘዴም በኋለኞቹ እትሞች አይሠራም፤ አይድከሙበት።

ለቀኝ ክሊክ ዝርዝር ምንም መጫን አያስፈልግም። ሺፍትን ይዘው በቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ የድሮው ሙሉ ዝርዝር ይመጣል።

መብራትና ዳታ ሳያስቡ መጀመር

የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ካለ አንዴ አውርደው ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ያዘጋጁት። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ አፕግሬድ አይደረግም፤ በመሀል መብራት ቢጠፋ ጉዳቱ ፋይልን ሊነካ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልተው ከቻርጀሩ ጋር ያቆዩት።

ተናዶ ዊንዶውስ 10 ላይ ያለ ጥበቃ መቅረት

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እዚያው ለመቆየት ለወሰነ ሰው ማይክሮሶፍት እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት ዝማኔ አቅርቧል። ኮምፒውተሩ በዊንዶውስ 10 22ኤች2 እትም ላይ ሊሆን፣ ባለቤቱም የማይክሮሶፍት አካውንት ሊኖረው ይገባል። ሴቲንግስዎን ወደ አካውንትዎ ባክአፕ ካደረጉ በነጻ ይመዘገባሉ፤ ካልፈለጉ ክፍያው 30 ዶላር ነው፣ በአንድ ምዝገባም እስከ 10 ኮምፒውተር መጠቀም ይቻላል። መመዝገቢያው የሚገኘው በሴቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «ኢንሮል ናው» በሚል ነው።