የመጀመሪያ ካሜራችሁን እንዴት ትገዛላችሁ?

ጎንደር ውስጥ ጥምቀት ሲቃረብ «ፎቶ ማንሳት መጀመር ፈልጌያለሁ፣ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ይበዛል። አብዛኛው ሰው ልቡ ያረፈው አዲስ ካሜራ ላይ ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ካሜራው ያገለገለ ይሁን፤ የተረፈውን ብር ሌንስ ላይ አውሉት።

መጀመሪያ ምን እንደምታነሱ አስቡ። ፋሲል ግቢን በቀን ብርሃን የትኛውም ካሜራ አሳምሮ ያነሳዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትገቡ ግን ነገሩ ይለያል። ብርሃኑ ትንሽ ነው፤ ሥዕሎቹን ለመጠበቅ ሲባል ፍላሽ ማብራት አይፈቀድም። የማታ ሠርግም ያው ነው። ካሜራችሁን ለጨለማው ቦታ ብላችሁ ምረጡት።

ሜጋፒክስል (ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው የሚናገረው ቁጥር) አያስጨንቃችሁ። በኤ4 ወረቀት ጥርት ያለ ፎቶ ለማተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ካኖን 700ዲ 18 አለው፤ ኒኮን ዲ3200 ደግሞ 24። ሁለቱም ከወጡ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ለጀማሪ ዛሬም ጥሩ ናቸው። ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌለው) የሚባሉት አዳዲሶቹ ቀለል ይላሉ፤ ነገር ግን ባትሪ ቶሎ ይጨርሳሉ። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ለጀማሪ ዲኤስኤልአር፣ ማለትም እንደ 700ዲና ዲ3200 መስታወት ያለውን ካሜራ እመርጣለሁ።

ካኖን ወይስ ኒኮን? ፒያሳ ወዳሉት ፎቶ ቤቶች ጎራ በሉና ምን እንደሚይዙ ጠይቁ። ወይም ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛ ካላችሁ እሱን። ነገ ሌንስ የምትዋሱት፣ ካሜራው ሲበላሽ የምታማክሩት እነሱን ነው። የካኖን ሌንስ ኒኮን ላይ አይገባም፤ ስለዚህ እነሱ የያዙትን ያዙ። የኒኮን ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ውስጥ ፎከስ የሚያደርግ ሞተር የለም። ለእነሱ ሌንስ ስትገዙ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት እዩ፤ አለዚያ ፎከሱን በእጃችሁ ታዞራላችሁ።

አሁን ወደ ሌንስ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ለግንቡ ይሆናል፤ በ18 ስታነሱ ግንቡ ከነግቢው ይገባላችኋል። ጨለማ ውስጥ ግን ይቸገራል። ለዚህ 50 ሚሊሜትር 1.8 የሚባለውን ትንሽ ሌንስ ጨምሩ። 1.8 የአፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ርካሽ ነው። 18-55ቱ 50 አካባቢ ላይ ከሚያስገባው 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። የሥላሴ ጣሪያ ላይ ካሉት የመላእክት ፊቶች ጥቂቶቹን ብቻ ለይታችሁ ስታነሱበት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ አትቸኩሉ። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት ምሽት ላይ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነበር። ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ እንዳለ ያወቅሁት ጥር 11 ጠዋት ነው። ወጣቶቹ ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ሲዘሉ ያነሳኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ጉም የለበሱ መሰሉ። ያ ጠዋት ዛሬም ያንገበግበኛል። እናንተ በቀን ሂዱና እንዲህ ፈትሹ፦

ሌንሱን አውልቁና በስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ በምንም ዋጋ አትግዙት። ከሌንሱ ጀርባም፣ ከሜሞሪ ማስገቢያውም የጎበጠ ወይም የተሰበረ ፒን እንዳይኖር እዩ።

የራሳችሁን ሜሞሪ አስገቡ። አፐርቸሩን 16 አድርጋችሁ ሰማይ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሰንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት ግን አይለቅም። ከዚያ የሌንሱን ክዳን ከድናችሁ፣ ሹተሩን (ሰንሰሩ ፊት ያለውን መጋረጃ) ለጥቂት ሰከንድ ክፍት አድርጋችሁ አንሱ። የሚያበሩ ነጥቦች ከበዙ ዋጋ አስቀንሱ።

ምን ያህል ፎቶ እንዳነሳም ጠይቁ። የጀማሪ ካሜራ ሹተር ብዙ ጊዜ 100,000 አካባቢ እንዲያነሳ ታስቦ ነው የሚሠራው። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው በኮምፒውተር ይታያል። ካኖን 700ዲ በኬብል ተገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ነው የሚታየው።

ባትሪው ያበጠ እንዳይሆን። ሁለተኛ ባትሪም ግዙ። ከውጭ በዘመድ የሚመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት መጻፉን አረጋግጡ።

በመጨረሻ ሻጩን የሁለት ቀን መመለሻ ጠይቁት፤ በጽሑፍ ይሁን። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጎሃ ኮረብታ ውጡ። ከተማውን በሰፊው አንሱና ቤት ገብታችሁ ኮምፒውተር ላይ አራቱንም ጥግ አጉልታችሁ እዩ። አንዱ ጥግ ብቻ ደብዝዞ ከሆነ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። መልሱት።